ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት

ስሜ መዝገቡ ነው፤ ሥራዬም መዝገብ መያዝ ነው። በዚህ ያልቀለደ ሰው ስለሌለ እናንተም ቀልዳችሁን ጨርሱና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉለሌ ውስጥ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል አለ፤ ስሙን አልጠራም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የማሽን ክፍሉ በር አጠገብ፣ አንዲት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አሉኝ። ማን እንደገባ፣ በስንት ሰዓት እንደገባና በስንት ሰዓት እንደወጣ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስጽፍ አንድም ቀን ሰዓት ተሳስቼ አላውቅም። ይህን የምለው ልኮራበት አይደለም። ልክ መጻፌ ራሱ ሰው ጎድቷልና ነው።

የማወራችሁ ግን ስለ ብርቅነሽ ነው።

ብርቅነሽ የዚያ የማሽን ክፍል ኃላፊ ናት። የቀጨኔ ልጅ ናት፤ እኔም የዚያው ሰፈር ሰው ስለሆንኩ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ቁልቁለቱ ላይ ድስትና ገንቦ ደርድረው ሲያደርቁ እኛ እግራችንን እየመረጥን እናልፍ ነበር። ስለ ሸክላ ሠሪ ያኔ ይወራ የነበረውን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አሁን አፍሮ ቢደብቀውም። ትምህርት ቤት ብርቅነሽ ምሳዋን ስትከፍት ጎኗ የተቀመጡት ልጆች የራሳቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር፤ «ዓይኗ ይበላል» ተብሎ። አንድ ልጅ ሆዱን ባመመው ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ወደ እሷ ይዞራል። አንድ ጊዜ እንዲያውም የአንዲት ተማሪ እናት ግቢው ድረስ መጥታ «ልጄን ልቀቂያት!» ብላ ጮኸችባት። የስምንት ዓመት ልጅ ምኑን ትልቀቅ?

«ጋሽ መዝገቡ፣ እኔ እኮ ያላደረግኩትን አድርገሻል እየተባልኩ ነው ያደግኩት» ብላኛለች አንድ ቀን። ኮምፒውተር የተማረችውም ለዚሁ ይመስለኛል። ማሽን ሐሜት አያውቅም፤ የሆነውን ብቻ ይጽፋል፤ የማንንም ሰፈር አይጠይቅም። በዚህ እምነቷ የሚመጣባትን አትወድም። ግትር ናት፤ እኔ ደግሞ ግትርነቷን እወድላት ነበር።

ከማሽኖቹ ሁሉ የምትሳሳለት አንድ ስዊች ነበር። በር ላይ ተቀምጬ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ሐኪሞቹ የሚያነሷቸው የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምስሎች ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ። ዲስኮቹ በአንድ ቁም ሳጥን፣ ምስሎቹን የሚያቀርቡት ሰርቨሮች በሌላ ቁም ሳጥን ናቸው፤ ስዊቹ መሐል ሆኖ ያገናኛቸዋል። የትኛው ሰርቨር የትኛውን ዲስክ እንደሚያይ የሚወስን ዝርዝር ስዊቹ ውስጥ አለ፤ ከዝርዝሩ የወጣ ዲስክ ለሰርቨሩ እንደሌለ ይቆጠራል። ስዊቹ ሞጁል የሚባሉ የሶፍትዌር ክፍሎችም አሉት፤ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይሠራል። አንዱ ሙቀቱን ይከታተላል፣ አንዱ ዝርዝሩን ይጠብቃል፣ አንዱ ደግሞ ቀድሞ የተሰጠውን ትዕዛዝ ሰዓቱ ሲደርስ ይፈጽማል። ይህን የመጨረሻውን ቀጠሮ ያዥ እንበለው።

የሆነ ነገር ሲሆን ሞጁሉ አንድ መስመር መልእክት ይጽፋል፦ ሰዓቱን፣ የራሱን ስም፣ የነገሩን ክብደት በቁጥር፣ ከዚያም ምን እንደሆነና በማን ስም እንደሆነ። ክብደቱ ከዜሮ እስከ ሰባት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚከፋው። ዜሮ ማለት ማሽኑ አለቀለት ማለት ነው፤ ሰባት ማለት ዝም ብሎ ወሬ። የእኛ ስዊች እስከ ሦስት ያሉትን ብቻ እንዲያሳይ፣ ከዚያ ቀለል ያለውን ለማንም እንዳይናገር ተደርጎ ነበር። ወሬ የሚሰማበት ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም።

ሰዓቱን በሚመለከት ደግሞ ስዊቹ ሲተከል የነበሩት ኃላፊ አቶ ስብሐት በሐበሻ አቆጣጠር ሞልተውት ነበር። «የመዝገቡ ሰዓትና የማሽኑ ሰዓት ካልተስማሙ አንድ ቀን ያጣሉናል» አሉ። ከዚያ ጡረታ ወጡ። እኛም ስዊቹ እንደኛው ነው የሚቆጥረው ብለን ኖርን።

ከአራት ዓመት በፊት ብርቅነሽ ምክትል ነበረች፤ አለቃዋ ኢምራን ነበር። ኢምራን የሽሮ ሜዳ ልጅ ነው። ከወሎ የመጡት እናቱ እማማ አሪፋ እዚያ ጋቢና ነጠላ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ዓርብ ለጁምዓ ሲወጣ በእኔ ሳያሾፍ የማያልፍ ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ መውጣቴን ይጻፉ፤ መላእክቱም እየጻፉ ነው፤ እንዳትለያዩ!» ይለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ኢምራን አዳዲስ ዲስኮች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ፤ ምስሎቹ ከአሮጌዎቹ ወደ አዲሶቹ እንዲዛወሩ ትዕዛዝ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ዝውውሩ እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ የሚፈጅ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከአምስት ማራገቢያ ሊቀይር ገባ፤ ጻፍኩት። በሦስት ከሃያ ወጣ፤ ጻፍኩት። በሦስት ተኩል አንዲት ሐኪም የድሮ ምስል ፈልጋ አጣች። ከዚያ ሌላው ሐኪም፣ ከዚያ ሌላው። ዝውውሩ መሐል ላይ ተቆርጦ የስድስት ወር ምስል ተበላሽቶ ነበር። በዚያ ውስጥ ዕጢያቸው ያድግ አያድግ እንደሆነ ከድሮው ምስል ጋር እየተነጻጸረ የሚታይላቸው ሰዎች ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያለቀሱትን ዛሬም አልረሳኋቸውም።

ብርቅነሽ የስዊቹን መልእክት አወጣች። 03:12፣ ክብደት ሁለት፣ ዝርዝሩ ተቀይሯል፣ አዲሶቹ ዲስኮች ወጥተዋል፣ በኢምራን ስም። የእኔ መዝገብ ደግሞ በሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ኢምራን እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር ይላል። «ከማራገቢያው በቀር የነካሁት ነገር የለም» አለ። ብርቅነሽ ሪፖርት ጻፈች፤ አንድ ገጽ ነው፤ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ቃል አላጋነነችም። ሥራ አስኪያጁ ፊት ወረቀቱን ሲሰጡት ኢምራን ለረጅም ጊዜ አየው። ሊከራከር ነው ብዬ ስጠብቅ «ማሽኑ ካለ... በቃ» ብሎ ፈረመ፤ ከሥራም ተሰናበተ። ብርቅነሽ በዚያው ዕለት ስሙን ከስዊቹ ተጠቃሚዎች መሐል ሰረዘችው። ጠረጴዛዬ ጋ ሲደርስ መውጣቱን ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም።

ቦታው ለእሷ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ስዊቹ ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ ከባድ መልእክት አልጻፈም፤ ሰዓቱንም ያስተያየ የለም።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ማዕከሉ አዲስ ማከማቻ ሊገዛ ተነሳ። ሻጮቹ የስዊቹን ጤንነት ለማወቅ ቀላል መልእክቶችን ሳይቀር እንድትልክላቸው ጠየቋት። ብርቅነሽም ገደቡን ከሦስት ወደ ስድስት አደረገችና የተዘጋውን አፍ ከፈተችው። በማግስቱ ጠዋት ከክፍሉ ወጥታ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመች። ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ኢምራን እዚህ ይመጣል እንዴ?»

«የትኛው ኢምራን?»

«ኢምራን ነዋ! የኛ ኢምራን።»

«ከወጣ ጀምሮ ጥላውንም አላየሁት። ምነው?»

ወረቀት አሳየችኝ። 03:12፣ ክብደት አምስት፣ በኢምራን ስም የተጠየቀ ሥራ አልተፈጸመም፣ በዚህ ስም የሚታወቅ ተጠቃሚ የለም። «ስሕተት ይሆናል» አለች፤ ለእኔም ለራሷም። በማግስቱ ያው መልእክት በዚያችው ደቂቃ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። ያባረርነው ሰው በተባረረባት ደቂቃ እየመጣ ያንኳኳል፤ ማሽኑም አላውቅህም ብሎ ይመልሰዋል።

በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። «ልጁ በሕይወት አለ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ።»

እኔም አላውቅም ነበር። ሽሮ ሜዳ ከዚህ በሚኒባስ ምን ያህል ናት? አራት ዓመት ሙሉ አንዳችንም «እንዴት ሆነ?» ብለን አልጠየቅንም። ይህን ስጽፈው አፍራለሁ።

«ከመድኃኔ ዓለም ጠበል ላምጣና ልርጭበት» አልኩ።

«ጋሽ መዝገቡ! ኤሌክትሪክ ነው እኮ!»

«በሩ ላይ እንኳ...»

«በሩም ላይ አይቻልም!» አለች። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ሰኞ ጠዋት በሰዓቱ እዚያው ተገኝታ ልትጠብቀው ወሰነች። ብቻዋን መሆን ስላልፈለገች እኔም እንድገባ ለመነችኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ስም በመዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ውስጡ ይበርዳል፤ ማራገቢያዎቹ ያለማቋረጥ ይጮኻሉ። በሦስት ከስምንት በስሟ ወደ ስዊቹ ገባች። እኔ የእጅ ሰዓቴን፣ እሷ ስክሪኑን ይዘን ቆምን። ሦስት ከአሥር። ሦስት ከአሥራ አንድ። ሦስት ከአሥራ ሁለት።

ምንም አልመጣም። እስከ ሦስት ከሃያ ጠበቅን፤ ምንም የለም።

«ተመስገን፣ አልመጣም» አልኩ። እሷ ግን አልሰማችኝም። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር እያየች ነበር፤ የራሷን መግባት የሚናገር መልእክት ነው።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ስገባ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሦስት ከስምንት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ኧረ ልጄ፣ እንጀራዬ እኮ ነው!»

«ማሽኑ ዘጠኝ ከስምንት ነው የሚለው።»

ስዊቹ በፈረንጅ ነበር የሚቆጥረው። ታዲያ 03:12 የሚለው ስንት ሰዓት ነው? በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሁለቴ ቆጠርኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት። በዚያ ሰዓት ሕንፃው ይቆለፋል፤ ለዚያች ማክሰኞ አጥቢያ ሌሊትም ተቆልፎ ነበር። የገዛ መዝገቤ ይመሰክራል፤ ማንም አልገባም።

ብርቅነሽ ፋይሎቹን እያገላበጠች ፈለገች። ከኢምራን ጉዳይ አምስት ወር ቀደም ብሎ የሻጩ ባለሙያዎች መጥተው የስዊቹን ሶፍትዌር አድሰው ነበር፤ በሥራ ማስረከቢያቸው ሦስተኛ ገጽ ላይ «ሰዓቱ ከኔትወርክ እንዲወስድ ተደርጓል» የምትል አንዲት መስመር አለች። የአቶ ስብሐት ሰዓት ያን ቀን ጠፍቷል። እነሱ አልነገሩንም፤ እኛም አላነበብንም።

ከዚያ የአራት ዓመቱን መልእክት አወጣች። በጣቷ አንድ በአንድ አነበበችው። ሰዓቱ አለ፤ የኢምራን ስም አለ። መሐል ላይ የሞጁሉ ስም ተጽፏል። ያኔ ስሙንና ሰዓቱን አንብባ እሱን ዘላዋለች። ትዕዛዙን የፈጸመው ቀጠሮ ያዡ ነበር። ያን ቀን እጅ አልነካውም፤ ቀድሞ የተሰጠ ትዕዛዝ ሰዓቱ ደርሶ ነው።

የቀጠሮዎቹን መዝገብ ከፈተች። አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ባለቤቱ ኢምራን ይላል። የሥራው ስም ደግሞ ሉሊት።

ሉሊት የብርቅነሽ ልጅ ናት። ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የታወሳት። ከዚያች ማክሰኞ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ አንድ ዓርብ ነበር፤ ኢምራን ለጁምዓ ሲወጣ ስክሪኑን ክፍት ትቶ «በእኔው ስም ቀጥይ» አላት። እሷም ለሙከራ ብላ ዝርዝሩን በየቀኑ ወደ ጸደቀው የድሮ ዝርዝር የሚመልስ ትዕዛዝ ጻፈች፤ የተረሱ ሙከራዎች እንዳይጠራቀሙ ነው። ማሽኑ ለሥራው ስም ሲጠይቃት ሌላ አልመጣላትም፤ የልጇን ስም ሰጠችው። ሰዓቱን ጠዋት ሦስት ከአሥራ ሁለት አደረገችው፤ ሐኪሞቹ ሥራ ሳይጀምሩ ቆማ በዓይኗ ልታየው። በማግስቱ ቆማ ጠበቀች፤ ምንም አልሆነም። «አልሠራም» ብላ ተወችውና ረሳችው። ሠርቶ ነበር። ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ እሷ ተኝታ ሳለች ሠርቶ ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ ነገር እስካልነበረ ማንንም አልጎዳም። ኢምራን አዲሶቹን ዲስኮች ባስገባባት ሌሊት ግን አውጥቶ ጣላቸው። ስሙን ከሰረዘችው በኋላም በየሌሊቱ ይነሳል፤ ይሞክራል፤ አይፈቀድለትም።

ብርቅነሽ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ» አለች።

«እውነትም ዓይኔ ይበላል ጋሽ መዝገቡ» አለች። «አንብቤ በላሁት።»

እዚህ ላይ የእኔን ኃጢአት ልናዘዝ። «አጥፊው» አልኳት። «አንቺና እኔ ነን የምናውቀው። ልጅ አለሽ። ምስሎቹ አይመለሱም። እሱም የራሱን ኑሮ ይዟል።» የራሱን ኑሮ መያዙን በምን አወቅኩ? በሕይወት መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ፈርቼ ነው። ሪፖርቱ የእሷ ቢሆንም ምስክሩ የእኔ መዝገብ ነበር።

አላጠፋችውም። ግን ደግሞ አልተናገረችም። ገደቡን ከስድስት ወደ ሦስት መለሰችና ስዊቹ ዝም አለ። መልእክቱ ከዓይናችን ጠፋ እንጂ ሁለታችንም በየሌሊቱ እንደሚያንኳኳ እናውቃለን። አሥር ቀን እንዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሦስት ከአሥራ ሁለት ሲሆን ወጥታ ጠረጴዛዬ ጋ ትቆማለች፤ ሰዓቱ ያ እንዳልሆነ እያወቀች። ከሳች። ምሳዋን ይዛ ትመጣለች፤ ይዛው ትመለሳለች።

«ልጄን ስጠራት ሌላ ነገር የጠራሁ ይመስለኛል» አለችኝ። «ትናንት ጎረቤት ‹ሉሊት!› ብላ ስትጠራት ደንግጬ ብርጭቆ ሰበርኩ።»

እኔም ብሆን ደህና አልነበርኩም። የአራት ዓመቱን መዝገብ ከመደርደሪያው አውጥቼ ያችን ገጽ አያለሁ። ጽሑፌ ያምራል። ኢምራን፣ ሦስት ከአምስት፣ ሦስት ከሃያ። ምንም ስሕተት የለውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሐሙስ፣ የቀጠሮውን መዝገብና የማስረከቢያውን ሦስተኛ ገጽ አትማ፣ በሁለት ገጽ የሠራችውን ሁሉ ጽፋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባች። እኔ ውጪ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትወጣ «ምን አለሽ?» አልኳት።

«ይቆይ አለኝ። ያለፈ ነገር ነው አለኝ። እኔ ግን ነገ ለኢምራን እንደምነግረው ነገርኩት። እንግዲያው መልቀቂያሽን ይዘሽ ነይ አለኝ።» ቀጥላም «ይመጣሉ አብረውኝ?» አለች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽሮ ሜዳ ሄድን። በሚኒባሱ ውስጥ ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ ይዛ ነበር። ከመኪና ወርደን በጋቢዎቹና በነጠላዎቹ መሐል ስናልፍ እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሕይወት እንድናገኘው።

በሕይወት ነበር። እማማ አሪፋ ሱቁ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሱ ውስጥ ቆሞ ጨርቅ ይለካል። ሲያየኝ ወጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ፤ ብርቅነሽንም በደህና ሰላም አላት። ሠላሳ አምስት ዓመት አይሞላውም፤ ጠጉሩ ግን ከጎንና ከጎን ነጭ ሆኗል። «አንዴ፣ ይህን ልጨርስና» ብሎ ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ለካው። ደግሞ ለካው። ወረቀት ላይ ጻፈና እንደገና ለካው።

«እማ፣ አራት ነው አይደል?»

«አራት ነው ልጄ» አሉ እማማ አሪፋ፣ ቀና ብለው ሳያዩት። ሺህ ጊዜ የመለሱት ጥያቄ እንደሆነ ከድምፃቸው ያስታውቃል። ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ሱቁን ሲቆልፍ ሦስቴ ነው የሚመለሰው» አሉኝ። «ስልክ ሲደውል ቁጥሩን እኔ እንዳይለት ይፈልጋል። እጁን አያምነውም። ከእናንተ መሥሪያ ቤት ከወጣ ወዲህ ነው፤ እጄ ሳላውቅ ሰው አጠፋ ይላል።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ኢምራን ተበድያለሁ ብሎ የሚኖር፣ እኛንም የሚረግመን ነበር የሚመስለኝ። ለካ አምኖ ነበር። ማሽኑ ካለ ብሎ ሲፈርም ከልቡ ነበር።

ብርቅነሽም ሰምታለች። ገብታ ወረቀቶቹን ጨርቁ ላይ አስቀመጠችለት። «ኢምራን፣ አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ» አለች።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ወረቀቱን አንስቶ አነበበ፤ ባለሙያ እንደሚያነበው፣ ከግራ ጀምሮ፣ ምንም ሳይዘል። ጣቱ የሞጁሉ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ቀጠሮ ያዡ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ሰዓቱ... በፈረንጅ ነው?»

«አዎ። ከመታደሱ ጀምሮ።»

«ስለዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ...»

«ዘጠኝ ከአሥራ ሁለት። ትዕዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ ኢምራን፤ አንተ ለጁምዓ ስትወጣ፣ በአንተ ስም። ሪፖርቱንም እኔ...»

እየሰማት አልነበረም።

«ተኝቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ወደ እናቱ ዞረ። «እማ! ተኝቼ ነበር እኮ! ሲሆን ተኝቼ ነበር!»

እማማ አሪፋ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ተነሱ። ኢምራን እጆቹን ከፊትም ከጀርባም እያገላበጠ አያቸው። ሳቀ፤ የድሮው ሳቁ ነበር፤ እኔ ግን የሱቁን መዝጊያ ያዝኩ።

ብርቅነሽ እስኪጨርስ ጠበቀች። ሊሰድባት፣ ሊያባርራት ይችላል ብዬ ነበር፤ እሷም ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። እሱ ግን ገና አሁን ያያት ይመስል ትኩር ብሎ ተመለከታት። ንዴት አላየሁበትም። የምሩን ሊያውቅ ፈልጎ ነበር የጠየቃት።

«እኔ አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝቼ አላውቅም» አለ። «ዓይኔን ስከድን እጄ የሆነ ቦታ ሄዶ የሆነ ነገር የሚነካ ይመስለኛል። አንቺስ ብርቄ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ነበር የምትተኚው?»

መዋሸት ትችል ነበር። ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ወደ እሱ።

«ደህና» አለችው። «ደህና ነበር የምተኛው።»